ከሸዋ ቤንች እስከ ቴፒ፦ አንድ ድንጋይና አንድ የጠርሙስ ቂጥ

ሐሙስ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሸዋ ቤንች

ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ከቤት ወጣሁ። ጥር ነው፤ ቡናው አልጋ ላይ ነው። በዚህ ወር ቤቱን ጥሎ የሚሄድ የቡና ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አጥፍቷል። እኔ አልታመምኩም።

መንገድ እፈራለሁ። ድልድይ እፈራለሁ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እፈራለሁ፤ ዘበኛ እንኳ ትክ ብሎ ካየኝ ምን ሰርቄ ይሆን ብዬ ኪሴን እዳብሳለሁ። ቁልቁለት ላይ የሚያፏጭ ሾፌር ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እፈራለሁ። ዛሬ ግን ከእነዚህ ሁሉ የባሰው ፍርሃቴ በመሀረብ ተቋጥሮ ደረቴ ውስጥ ተቀምጧል። መጠኑ የሎሚ፣ ክብደቱ የመዶሻ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ አትሳቁብኝ። ይህን ማስታወሻ በስልኳ ገጽ ላይ የምታወጣልኝ ልጄ ምሕረት ናት። ፊደሉን አርሚ፣ ነገሬን ግን እንዳትነኪ ብያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሕረት ቴፒ የምትማረው ስለ ድንጋይ ነው። ኅዳር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ማጂ በኩል ወጥተው፣ ጎርፍ ከናደው ገደል ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አገኘች። በመዶሻ ስትከፍለው ውስጡ አረንጓዴ ሆነ፤ ዝናብ ያጠበው የቡና ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። ስስ ስባሪ ይዛ ለመምህሯ ልታሳይ ሄደች። ቴፒ ስትደርስ ስባሪው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ቆያት። መምህሩም፣ “ጥቁሩ ማንጋኒዝ የትም ሞልቷል። አረንጓዴ ነበር የምትዪውን አረንጓዴ እንደሆነ አሳዪኝ፤ አለዚያ የመመረቂያ ጥናትሽን ቀይሪ” አላት። ጥናት መቀየር ማለት አንድ ዓመት መድገም ማለት ነው።

ትልቁን ቁራጭ ግን ከማጂ ስትመለስ እኛ ቤት አጥባ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በማር ብርጭቆ ከትታ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋ፣ ላዩ ላይ “አይከፈት” ብላ ጽፋ ትታልኝ ነበር። ማደሪያቸው ውስጥ ሰው ብዙ ነው፤ የማይነካካ ነገር የለም። ከእናቴ ቤት የተሻለ ቦታ የለም ብላ ነው። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

የዛሬ ሳምንት ደወለች። “እማዬ፣ የሚመጣው ሐሙስ መምህሩ ያየዋል። እኔ ፈተና ላይ ነኝ፤ ይዘሽልኝ ነይ። እንዳትከፍቺው ደግሞ!”

“ምን በወጣኝ!” አልኩና ስልኩን ዘግቼ ብርጭቆውን ላየው ሄድኩ። ላየው ብቻ ነው። አየሁት፤ ላስቲኩ ውስጥ ጠብ ጠብ ያለ ውሃ አለ። ላብ! ሠላሳ ዓመት ቡና ያደረቅሁ ሴት ነኝ፤ እርጥቡን ያፈነ ሻጋታ እንደሚያበቅል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የልጄ ተስፋ ዓይኔ እያየ ሊሻግት ነው! ፕላስተሩን ላጥኩት። ድንጋዩን ከቡናው ጋር አልጋ ላይ አሰጣሁት። አልጋ ስል የመኝታው አይደለም፤ በእንጨት ላይ ሽቦ ተወጥሮ ቡና የሚደርቅበት ነው።

በደንብ ነበር የያዝኩት። በየሰዓቱ አገላበጥኩት፤ ቀትር ላይ ሸፈንኩት፤ ማታ ሸራ አለበስኩት። በሁለተኛው ቀን ዳር ዳሩ ቡላ ሲል “እሰይ፣ እየደረቀ ነው” አልኩ። በአምስተኛው ቀን አጠገቡ ከተሰጣው ጀንፈል መለየት አቃተኝ። ጀንፈል ከነልብሱ የደረቀ ቡና ነው፤ ጥቁር ነው።

በሎሚ አሸሁት። በአመድ ፈተግሁት። በሳሙና አጠብኩት። ቅቤ ቀባሁት፤ ቅቤው ትንሽ ረዳ፤ ጥቁር የነበረው የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሆነ።

ከዚያ ሰይጣን መከረኝ። ከግሮሰሪው ጓሮ አረንጓዴ የቢራ ጠርሙስ ቂጥ አነሳሁ። ቢራ አፌ ደርሶ አያውቅም፤ ግን ያን ቀን የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መሪ ሚስት በዚያ ማለፍ ነበረባት።

“እህቴ፣ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው። ለልጄ ትምህርት ነው።”

ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም ላይ “በፈተና ውስጥ ላለች አንዲት እህታችን” ተብሎ ተጸለየ። እኔም አሜን አልኩ፤ ለማን እንደሆነ የገባኝ ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ሲዞሩ ነው።

የጠርሙሱን ቂጥ በወንዝ አሸዋ ስሞርድ ዋልኩ። ሞላላ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ወይ ማማሩ! በጥጥ ጠቅልዬ ምሕረት “አይከፈት” ያለችበት ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት። አስቡት፤ እኔ የደረቴን ድንጋይ ይዤ፣ ብርጭቆውን በዘንቢል አንጠልጥዬ፣ የገዛ ልጄን ላታልል ነው የተነሳሁት።

አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሚዛን

ሚዛን ከእኔ ቀድማ ነቅታለች። የገበያ ሴቶች ኮሮሪማ በገመድ ሰክተው፣ ሙዝ በአህያ ጭነው ይወርዳሉ። ቤንችኛውም ሸክኛውም ካፍኛውም ጆሮዬን ያልፋል፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አማርኛ ይሆናል። ተማሪዎች ደብተር በፌስታል ይዘው ይሮጣሉ። ከአንዲት ሴት ደጃፍ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀረበልኝ። ጎደሬ ነፍሴ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሼ ተውኩት።

“ምነው፣ አልበሰለም?” አለች ሴትየዋ ተቆጥታ።

“በስሏል። ያልበሰልኩት እኔ ነኝ።”

ወደ አማን መናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። ባለባጃጁ በመስታወቱ ያየኛል።

“እማማ፣ ምነው ደረትዎን አቀፉ?”

“የልብ ሕመም።”

“እግዜር ይማርዎት። ቀስ ብዬ ልንዳልዎት።” ውሸቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ፤ እንደዚያ ተረጋግቼ በባጃጅ ሄጄ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት፤ ከአማን ወደ ሸኮ

ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ሾፌሩ ያፏጫል። አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ጥላሁን የሚባሉ የሸኮ ሰው ናቸው፤ በእግራቸው መሀል ቢጫ ጀሪካን አስቀምጠዋል።

“የጫካ ማር ነው። ዛፍ ላይ ወጥቼ እኔው ነኝ የቆረጥኩት” አሉኝ።

“በዚህ ዕድሜዎ ዛፍ ይወጣሉ?”

“መውጣቱ ቀላል ነው። ሚስቴ እንዳታይ መውረዱ ነው የሚከብደው።”

መንገዱ እንደ ሐረግ ይጠመዘዛል። በግራ ደን፣ በቀኝ ደን፤ ጉሬዛዎቹ ጥቁርና ነጭ ጋቢያቸውን አንዠርግገው ከላይ ያዩናል። ደኑ በሚሳሳበት የመንገዱ ዳር ዳር ቡናና ዝንጅብል ተሰጥቷል። አልጋ ባየሁ ቁጥር ልቤን ይወጋኛል። አንድ ኩርባ ላይ ጎማው ሲንሸራተት፣ “ጌታ ሆይ!” ብዬ አባባን ጉልበታቸው ላይ ያዝኳቸው።

“ልጄ፣ ጀሪካኑን ያዢ። እኔ ብሞት ልጆች አሉኝ፤ ማሩ ከፈሰሰ ተተኪ የለውም” አሉ።

አራት ሰዓት፤ ኬላ

ሸኮ ልንገባ ስንል ገመድ ተወጥሮ አገኘን። “ውረዱ! ዕቃ ይታያል!” የሚፈልጉት ያለ ፈቃድ የሚጓዝ ቡና ነው። ዛሬ አንዲት ፍሬ ቡና አልያዝኩም። የያዝኩበትን ቀን አልነግራችሁም፤ ያኔ ግን እንዲህ አልተንቀጠቀጥኩም።

ተቆጣጣሪው ሸንኮራ እያኘከ መጣ።

“እናቴ፣ ደረትዎ ላይ ያለው ምንድነው?”

“የልብ ሕመም።”

አየት አደረገኝ። “ሕመምዎ ማዕዘን አለው እኮ።”

ሴቷን ፈታሽ ጠራት። መሀረቡ ወጣ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ወጣ። ዘንቢሌ ተከፈተ፤ ብርጭቆው ወጣ፤ ጥጡ ተፈታ። ተቆጣጣሪው አረንጓዴውን ወደ ፀሐይ አንስቶ ሲያየው ሸንኮራው ከአፉ ወደቀ።

“የከበረ ድንጋይ!”

ተሳፋሪው ሁሉ ከበበን። አንዱ “ከማጂ ነው” ይላል፤ አንዱ “አይ፣ ከዚያ ማዶ ነው” ይላል። እኔ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። ተቆጣጣሪው ገልበጥ አድርጎ ከሥሩ አየው፤ ቀረብ አድርጎ እንደገና አየው።

“ቁጥር አለው” አለ። ለካ ስሞርድ ያመለጠኝ የፋብሪካ ቁጥር አለ። “የከበረ ድንጋይ ላይ ቁጥር የሚጽፈው ማነው?”

“ፈጣሪ ቆጥሮት ይሆናል” አሉ አባባ ጥላሁን።

“ይሄ የቢራ ጠርሙስ ቂጥ ነው!”

ሰው በሳቅ ወደቀ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቀም፤ እስካሁን እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰውዬ አንቺ ማለት ጀመረ።

“ለማን ልትሸጪው ነው? የዋህ ገዢ አገኘሽ? ይሄኛውንስ፣ ጥቁር ቀለም የቀባሽውን፣ ምን ልትዪው ነው?”

እስር ቤቱ ታየኝ። ምሕረት በር ላይ ቆማ ስንቅ ስታቀብለኝ ታየኝ። አለቀስኩ፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ድንጋዩን፣ ላቡን፣ አልጋውን፣ ሎሚውን፣ ቅቤውን፣ ግሮሰሪውን፣ ልጄ ዓመት ልትደግም መሆኑን፤ ማንም ያልጠየቀኝን የጸሎት ፕሮግራሙን ጭምር።

ሾፌሩ ማፏጨቱን አቆመ። “ማዘር፣ ድንጋይ አሰጡ? እንዳይሻግት?”

ሳቁ ከደኑ ጉሬዛ አስነሳ። ያልሳቁት አባባ ጥላሁን ብቻ ናቸው። ጥቁሩን ድንጋይ ተቀብለው በእጃቸው መዘኑት።

“ልጄ፣ ጀንፈል አልጋ ላይ ሲደርቅ ላዩ ምን ይመስላል?”

“ጥቁር።”

“ፍሬውስ?”

“አረን…” አልኩና ድንጋዩን አየሁት።

“ሳትሰብሪ ነው የምታለቅሺው?” አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ጀንፈል በጥርሴ እየሰበርኩ ፍሬውን ያየሁ ሴት፣ ይህን ድንጋይ ለመስበር አንድ ቀን አላሰብኩም። ላዩን ሳሽ ነው የከረምኩት።

“መዶሻ!” አልኩ። ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር አወጣ። ተቆጣጣሪው ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ፣ “የልጄን ድንጋይ ሌላ ሰው አይመታውም” አልኩት፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ድንጋዩን መንገድ ዳር ካለ አለት ላይ አስቀመጥኩት። ዓይኔን ጨፍኜ መታሁ፤ አለቱን እንኳ ሳትኩት፤ ሾፌሩ “እግሬን!” ብሎ ዘለለ። ዓይኔን ከፍቼ ደገምኩ። ጥግ በኩል አንድ ቁራጭ ተፈንጥሮ ሄደ።

አረንጓዴ።

ጥቁሩ ልብሱ ስስ ነበር፤ ከሥሩ ያው የታጠበው የቡና ቅጠል ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ እልል ያለችው ሴቷ ፈታሽ ናት።

“አሁን ንፋስ እየነካው ነው!” ብዬ ጮህኩ። “ይጠቁራል!”

አባባ ጥላሁን የጀሪካኑን ክዳን ፈቱ። ብርጭቆዬን ሞሉልኝ፤ ድንጋዩንም ቁራጩንም ማር ውስጥ ዘፈቅናቸው። “ማር ውስጥ ንፋስ አይገባም፤ ጉንዳን ራሷ ገብታ አልወጣችም” አሉ።

ተቆጣጣሪው የጠርሙሱን ቂጥ መለሰልኝ። “ይሄንንም ይያዙት፤ ለኬላ አይጠቅመንም።” እርስዎነቴም አብሮ ተመለሰ።

አምስት ሰዓት፤ ከሸኮ ወደ ቴፒ

አባባ ሸኮ ላይ ወረዱ። “ልጅሽን ድንጋዩን ልሰሽ ጨርሺ በያት” ብለው ማሩን መረቁልኝ። ተሳፋሪው ሁሉ አሁን የድንጋዩ ዘመድ ሆኗል። “ፍጠን እንጂ ሾፌር፣ ይጠቁራል!” ይላሉ። እኔ “ኧረ ቀስ በል፣ እናልቃለን!” እላለሁ። “ማዘር፣ አንዱን ይምረጡ” አለ ሾፌሩ። መረጥኩ። “ፍጠን” አልኩት፤ ብርጭቆውን አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ዘምሬ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ አላየሁትም።

ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ቴፒ

ቴፒ ስትወርዱ ሙቀቱ እንደ ድስት እንፋሎት ፊታችሁን ይመታችኋል። ምሕረት የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆማለች፤ ከስታለች። “አመጣሽው?” አለችኝ፤ ሰላም እንኳ ሳትለኝ። “አምጥቻለሁ” አልኩ። ብርጭቆውን አየችው። “ማሩ ምንድነው?” “ለደህንነት ነው” አልኩና ቀድሜያት ገባሁ።

መምህሩ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነው፤ ዕድሜው የእኔን የበኩር ልጅ አይሞላም፤ እኔ ግን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ማሩን አይቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

“እናቴ፣ እኛ ከተማሪ ወላጅ ስጦታ አንቀበልም።”

“ስጦታ አይደለም መምህር። ውስጡን ይዩት።”

“ውስጡንም ቢሆን አንቀበልም።”

እጄን ከትቼ ማር የሚያንጠባጥበውን ድንጋይ አወጣሁ። የመምህሩ ወረቀት ላይ ተንጠባጠበ። ምሕረት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

አጠበው። በትንሽ ማጉያ መስታወት አየው፤ ቆየ። የቡና ሲኒ ገልብጦ፣ ቀለም በሌለው ሸካራ ቂጡ ላይ አሸው፤ ቡናማ መስመር ወጣ። በእጁ መዘነው፤ ከመጠኑ በላይ ከበደው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ “ይህን ጥቁር ልብስ ማነው ያለበሰው?” አለ።

“እኔ ነኝ። እሷ አትክፈቺ ብላኛለች። ልጄን አይንኩብኝ።”

“ስንት ቀን ፈጀ?”

“አምስት።”

“ፀሐይ ላይ? ማታስ? ቀትር ላይስ?”

ነገርኩት። ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩ፣ መቼ ቡላ እንዳለ፣ መቼ እንደጠቆረ፣ ልክ ስለ ቡናዬ እንደምናገረው ተናገርኩ። ምሕረትን “ጻፊ እንጂ!” አላት። ጻፈች።

ኋላ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ማንጋኒዝ ጥቁር ሆኖ የትም ይገኛል። ይሄኛው ግን ንፋስ በማይደርስበት ጥልቅ ቦታ፣ በግለት ውስጥ የሚፈጠር ነው፤ ስሙም ማንጋኖሳይት ይባላል፤ በዓለም ላይ የተገኘበት ቦታ ጥቂት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ስለዚህ አይተነው የምናልፈው ስንቱን ይሆናል።

“ሌላው አረንጓዴ ድንጋይ አልጋ ላይ ዓመት ቢሰጣ እንዲህ አይሆንም” አለ። “እኔ ብሆን ያለችንን አንዲት ናሙና ፀሐይ ላይ ለማስጣት አልደፍርም ነበር።”

“እኔም ደፍሬ አይደለም” አልኩት። “ፈርቼ ነው።”

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለ መሣሪያ ነው አለ። ጥናትሽን ግን ቀጥዪ አላት። ተፈንጥሮ የነበረችውን ቁራጭ ከማሩ አውጥቶ አጠባት፤ መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና፣ “እናቴ፣ ሰኞ ድረስ ይቆዩ፤ በዓይኔ ልየው” አለ።

ከወጣን በኋላ ምሕረት ከፊቴ ፈጥና ሄደች። ማንጎ ሥር ስንደርስ ቆመች።

“እማዬ፣ እንዳትከፍቺው አላልኩሽም?”

“ብለሽኛል።”

“ታዲያ?”

“ላብ አልቦት ነበር።”

አየችኝ። ልትጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ጥላ አለቀሰች። ስንት ቀን ሳትተኛ እንደከረመች ያኔ ነው ያወቅኩት። ከዚያም አፍንጫዋን ጠርጋ፣ “ማሩን አምጪው፤ ቁርስ አልበላሁም” አለች።

ሰኞ፤ መመለሻ

ጠዋት ሦስታችንም መስኮቱ ጋ ቆምን። የቁራጯ ዳር ቡላ ብሏል፤ አልጋዬ ላይ በሁለተኛው ቀን እንዳየሁት። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አየ። ለምሕረት እጁን ዘረጋላት፤ ለእኔም ዘረጋልኝ። መጀመሪያ የራሴን እጅ ፈተሽኩ፤ ማር አልያዘም።

በመልሱ ጉዞ ኬላው ጋ ስንደርስ ተቆጣጣሪው ከሩቅ ለየኝ። “እናቴ፣ የልብ ሕመሙ እንዴት ሆነ?”

“ተሻለኝ” አልኩት። “ለሆዴ ግን ትንሽ ሸንኮራ ታስፈልገኛለች።” ሰጠኝ።

አሁን ቤቴ ነኝ፤ ቡናዬን እያገላበጥኩ ነው። ነገር ማረጋገጥ ከመምህሩ ተምሬ፣ ያን የጠርሙስ ቂጥ ከጀንፈሉ ጋር አልጋ ላይ አስጥቼዋለሁ። የመዘምራኑ መሪ ሚስት ዛሬም አልፋ ነበር፤ ቆም ብላ አየችኝ፤ አልጋውን አየች።

“እህቴ፣ አሁንስ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው። ይደርቅ እንደሆነ እያየሁ ነው።”

በየሰዓቱ አገላብጠዋለሁ፤ ቀትር ላይ እሸፍነዋለሁ። አልጋው ላይ አምስት ቀን አልፎታል። የልጄ ድንጋይ ያን ያህል ጠቁሮ እውነት ሆኖ ሲገኝ፣ ይሄ ውሸታም ዓይኑን በጨው አጥቦ አረንጓዴ እንደሆነ ነው።